29ኙ የኬን ሂል ሎኮች፦ ቀላሉ በሩ ነው፤ ከባዱ ውሃው ነው

ጥያቄ፦ «የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ሬዲንግ ከተማ ነው። ከልጆቼ ጋር ዲቫይዝስ አጠገብ ያለውን ኬን ሂልን ጎብኝተን ነበር። በአንድ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ላይ የተደረደሩት የቦይ በሮች፣ ሎክ የሚባሉት፣ በጣም አስገርመውናል። ይህን ያህል በር ለምን አስፈለገ? ቦዩን በተዳፋቱ ላይ እንዲሁ ማውረድ አይቻልም ነበር? ሁለት ሴቶች ያን ግዙፍ በር በጀርባቸው ገፍተው ሲከፍቱ አይተናል፤ እንዴት ቻሉ? ከየሎኩ ጎን ያሉት ሰፋፊ ኩሬዎችስ ለጌጥ የተሠሩ ናቸው? ታሪኩንም ጨምረው ቢያብራሩልን።»

ምላሽ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከጠየቁኝ ሁሉ የኩሬዎቹን ጥያቄ በጣም ወድጄዋለሁ። ኬን ሂልን የሚጎበኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሮቹን ፎቶግራፍ አንሥቶ ይመለሳል፤ ኩሬዎቹን ልብ የሚላቸው ጥቂት ነው። እኔ ሙያዬ የውሃ ምሕንድስና ስለሆነ ይሆናል፣ የቦታው ቁም ነገር ያለው እዚያ ይመስለኛል። የበሩ ጥያቄ ከ500 ዓመት በፊት መልስ አግኝቷል። የውሃው ጥያቄ ግን ዛሬም በየቀኑ ይነሣል። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ቦዩ ለምን እንዲሁ ቁልቁል እንዳልተለቀቀ ልናገር። ኬኔት እና ኤቨን የሚባለው ይህ የውሃ መንገድ እርስዎ ካሉበት ከሬዲንግ ተነሥቶ እስከ ብሪስቶል 140 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በምሥራቅ ከቴምዝ ወንዝ ጋር ይገናኛል፤ በምዕራብ ደግሞ የኤቨን ወንዝን ይዞ ይወርዳል። ሁለቱ ወንዞች የሚፈሱት በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሆነ በመካከላቸው ያለውን ከፍታ ወጥቶ መውረድ ግድ ነው። ዲቫይዝስ ላይ መሬቱ በ3.2 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ 72 ሜትር ዝቅ ይላል። በእንዲህ ያለ ተዳፋት ላይ ውሃ ቢለቀቅ ቦይ መሆኑ ይቀርና ጎርፍ ይሆናል። ዳርቻውን ይቦረቡራል፤ የሚወርደውን ጀልባ ከግራ ቀኝ ያላትማል፤ የሚወጣውን ደግሞ ፈረስ ጎትቶ አያሸንፈውም። ከላይ ያለው ውሃም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተሟጥጦ ያልቃል። ስለዚህ ገበሬ ተዳፋት ማሳውን በእርከን እንደሚከፋፍለው ቦዩም በደረጃ ተከፋፈለ። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ውሃው ረግቶ ይተኛል፤ ጀልባውን ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚያሻግረው ሎኩ ነው፤ ሎክ ማለት በሁለት በሮች መካከል የተከለለ፣ ውሃው ከፍና ዝቅ የሚደረግበት ክፍል ነው። በጠቅላላው 29 ናቸው፦ ከታች ፎክስሃንገርስ ከሚባለው ቦታ ጀምሮ 7፣ ከዚያ እርስዎ ያዩአቸው በአንድ መስመር የተደረደሩት 16፣ ከዚያም ወደ ከተማው 6። አንዱ በአማካይ 2.5 ሜትር ያነሣል ወይም ያወርዳል ማለት ነው።

ሐሳቡ የእንግሊዞች ፈጠራ አይደለም። በጽሑፍ የሚታወቀው የመጀመሪያው ባለ ሁለት በር ሎክ በ984 ቻይና ውስጥ የተሠራው ነው፤ ያሠራውም ቺያዎ ዌይዩዌ የተባለ የመንግሥት ሹም ነበር። ከዚያ በፊት ጀልባዎች ከአንዱ የቦይ ክፍል ወደ ሌላው የሚሻገሩት በተዳፋት መንሸራተቻ ላይ በገመድ እየተጎተቱ ነበር። ጀልባው ይሰበራል፤ ግርግሩን ተገን አድርገው ሌቦች ለመንግሥት የተሰበሰበውን እህል ይዘርፋሉ። ሹሙ ሁለት በሮችን አራርቆ ተከለና በመካከላቸው ያለውን ውሃ ከፍና ዝቅ ማድረግ ጀመረ። ችግሩም በዚሁ ተቃለለ።

በእንግሊዝ አገር፣ በተለይ በቴምዝ ላይ፣ ለብዙ መቶ ዓመታት የሠራው ግን ባለ አንድ በር ዘዴ ነበር። ወንዙ በግድብ ይታገዳል፤ በግድቡ መካከል በሳንቃ የተዘጋ ክፍት ቦታ ይተዋል። ጀልባ ሲመጣ ሳንቃዎቹ ይነቀላሉ፤ የታገደው ውሃ በኃይል ሲወርድ ወራጁ ጀልባ አብሮት ይወረወራል። ሽቅብ የሚወጣው ጀልባ ደግሞ የውሃው ኃይል እስኪበርድ ጠብቆ በመጎተቻ ገመድ ሽቅብ ይሳባል። አደገኛ ነበር፤ ብዙ ሰውም አልቆበታል። ከአደጋው ያልተናነሰው ጣጣ ግን የውሃው ጠብ ነበር። ግድቦቹ የወፍጮ ባለቤቶች ናቸው፤ ወፍጮውን የሚያዞረው ያው የታገደው ውሃ ስለሆነ እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቁት ነበር። አንድ ጀልባ ለማሳለፍ ሲባል የቀን ሥራቸው ይፈስሳል። ስለዚህ ጀልባው አንዳንድ ጊዜ ቀናት ይጠብቃል፣ ያውም ከፍሎ። ውሃ የማን ነው የሚለው ክርክር ከሎኩ በፊትም እንደነበረ ልብ ይበሉ።

ባለ ሁለት በሩ ሎክ እንግሊዝ የገባው በ1560ዎቹ፣ ጆን ትሩ በሠራው የኤክሰተር ቦይ ላይ ነው። የዚያ ሎክ በሮች ወደ ላይ የሚነሡ ዓይነት ነበሩ። እርስዎ ያዩት በሁለት ክንፍ ተገናኝቶ ማዕዘን የሚሠራው በር ታሪኩ ከሚላኖ ይጀምራል። በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ለዚያች ከተማ ቦዮች ይሠራ ከነበረው ከሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ስም ጋር ተያይዞም ይነሣል። ወደ ሬዲንግ አቅራቢያ ስንመጣ፣ የኬኔት ወንዝ በጆን ሆር መሐንዲስነት ለጀልባ ተስተካክሎ ሥራ የጀመረው በ1723 ነው። የዚያን ጊዜ ሎኮች ግድግዳቸው ጡብ አልነበረም፤ ከታች በእንጨት የተደገፈ፣ ከላይ ሣር የለበሰ ተዳፋት አፈር ነበር። ከነዚህ ሁለቱ፣ ጋርስተንና መንኪ ማርሽ የሚባሉት፣ እስከ ዛሬ ስላሉ ከቤትዎ ሳይርቁ ሊያዩዋቸው ይችላሉ። አፈር ውሃ ያሰርጋል፤ ሣር የለበሰው ተዳፋት ደግሞ ክፍሉን ከሚገባው በላይ ያሰፋዋል። አንድ ጀልባ ለማሳለፍ የሚፈሰው ውሃ እጅግ ብዙ ነበር። ወንዝ ላይ ስለነበሩ አልከበዳቸውም፤ ኮረብታ ላይ ግን እንዲህ ያለ ሎክ አይታሰብም።

ኮረብታውን ለመውጣት የተነሣው የሚቀጥለው ትውልድ ነው። በ1761 የተከፈተው የብሪጅዎተር ቦይ የድንጋይ ከሰልን ከዎርስሊ ማዕድን ወደ ማንቸስተር ሲያደርስ በከተማው የከሰል ዋጋ በግማሽ ያህል ወረደ። የሚገርመው ያ መስመር ሎክ አልነበረውም። መሐንዲሱ ጄምስ ብሪንድሊ ከፍታውን ጠብቆ በኮረብታው ወገብ ዙሪያ መሄድን ይመርጥ ነበር፤ ሎክ ገንዘብም ውሃም እንደሚበላ ጠንቅቆ ያውቃል። የትሬንት እና መርሲ ቦይ ላይ ግን ኮረብታን ማምለጥ ስላልቻለ ሎኮቹን አጠበባቸው፦ ስፋታቸው ከ2 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ፣ ርዝመታቸው 22 ሜትር ያህል። ዛሬ የእንግሊዝ ጠባብ ጀልባ የሚባለው ያን ቅርጽ የያዘው ከዚህ የተነሣ ነው። የጀልባውን መልክ የወሰነው የውሃ ቁጠባ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ኬኔት እና ኤቨንን የሠራው ጆን ሬኒ ግን ሰፊ ሎክ መረጠ፤ ሁለት ጠባብ ጀልባ ጎን ለጎን የሚይዝ። የፓርላማው ፈቃድ በ1794 ተገኘ። ሥራው ከሁለቱም ጫፍ እየተጠጋ መጥቶ የቀረው የዲቫይዝስ ኮረብታ ብቻ ሲሆን፣ ከታች ከፎክስሃንገርስ እስከ ከተማው ፈረስ የሚጎትተው የብረት ሐዲድ ተዘረጋ። ዕቃ ከጀልባ ወርዶ በጋሪ ኮረብታውን ይወጣል፤ ከላይ እንደገና ጀልባ ላይ ይጫናል። ለዓመታት እንዲህ ተሠራ። በዲቫይዝስ አንዳንድ የመንገድ ድልድዮች ሥር ከቦዩ ቅስት ጎን ሌላ ትንሽ ቅስት ካዩ ያ ሐዲድ ያልፍበት የነበረ ነው። የሎኮቹ ጡብ የተሠራው እዚያው አጠገብ ከተቆፈረ ሸክላ አፈር ነው። በ1810 ሎኮቹ ሲያልቁ ከለንደን እስከ ብሪስቶል ዕቃ ሳይወርድ በውሃ መጓዝ ተቻለ።

አሁን ወደ በሩ። ጀልባ ከታች እየወጣ ነው እንበል። የሎኩ ክፍል ባዶ ነው፣ ማለትም ውሃው ከታችኛው ቦይ ጋር እኩል ነው። ጀልባው ይገባል፤ የታችኛው በር ይዘጋል። ከዚያ አንዱ ሰው የብረት ማዞሪያ እጀታውን ይዞ ወደ ላይኛው በር ይሄዳል፤ እጀታውን በጥርሳማው ማርሽ ላይ ሰክቶ ሲያዞር ከውሃ በታች ያለው መዝጊያ ይነሣና ውሃ ወደ ክፍሉ መግባት ይጀምራል። መዝጊያው የሚነሣው ቀስ በቀስ ነው፤ በአንዴ ከተከፈተ የሚገባው ውሃ ጀልባውን ከግድግዳ ጋር ያጋጨዋል። ክፍሉ ሞልቶ ከላይኛው ቦይ ጋር ሲስተካከል የላይኛው በር ይከፈታል፤ ጀልባው ይወጣል። ፓምፕ የለም፤ ሞተር የለም፤ ሥራውን የሚሠራው የውሃው ክብደት ብቻ ነው።

ሁለቱ የበሩ ክንፎች ተገናኝተው የሚሠሩት ማዕዘን ጫፉ ወደ ላይኛው ውሃ ያመለክታል። ውሃው ሲገፋቸው እርስ በርሳቸው ይበልጥ ይጣበቃሉ፤ ቁልፍም መወርወሪያም አያስፈልጋቸውም። ክፍሉ ሞልቶ ሳለ በታችኛው በር ላይ የሚያርፈው ግፊት በእኔ ስሌት ከ20 ቶን ይበልጣል። በዚህ ሰዓት አሥር ጎረምሳ ቢረባረብ በሩ ንቅንቅ አይልም። የውሃው ልዩነት 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲቀር እንኳ በአንዱ ክንፍ ላይ ከ300 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ግፊት አለ። ልዩነቱ ዜሮ ሲሆን ግን ግፊቱም ዜሮ ነው፤ የሚቀረው በውሃ ውስጥ የቆመን ከባድ እንጨት በዝግታ ማንቀሳቀስ ብቻ ነው። ያዩአቸው ሴቶች የቻሉት ለዚህ ነው። በሩ ላይ የተጋደመው ረጅም የእንጨት ክንድ ሁለት ሥራ አለው፤ የበሩን ክብደት ሚዛን ይጠብቃል፣ ለገፊው ደግሞ ጉልበት ያበዛል። መሬቱን አይተው እንደሆነ ክንዱ በሚዞርበት ቅስት ላይ ከፍ ከፍ ብለው የተተከሉ ጡቦች አሉ፤ የገፊው እግር እንዳይንሸራተት መርገጫ ናቸው። ልምድ ያለው ሰው በሩን በእጁ ጉልበት አይታገለውም። ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሩን ጡቡ ላይ ተክሎ፣ ውሃው እኩል እስኪሆን በትዕግሥት ይጠብቃል።

አንድ ነገር ለልጆችዎ በጥብቅ ይንገሩልኝ። ክፍሉ ባዶ ሲሆን ከላይኛው በር ሥር ወደ ውስጥ ወጣ ያለ ትልቅ ደፍ ይታያል። ሲሞላ ግን ተሸፍኖ አይታይም። ጀልባ ሲወርድ ኋላው በዚያ ደፍ ላይ ካረፈ ውሃው ከሥሩ ይሸሻል፣ የፊቱ ክፍል ይዘቀዘቃል፣ ጀልባውም በደቂቃዎች ውስጥ ሊሰጥም ይችላል። በግድግዳው ላይ ያለው ነጭ መስመር ከላይኛው በር ራቁ፣ ከዚህ መስመር ወደ ፊት ሁኑ የሚል ምልክት ነው። በሎክ ላይ ከሚደርሱት ከባድ አደጋዎች አንዱ ይህ ስለሆነ፣ የሚወርድ ጀልባ ሲያዩ ዓይንዎ መስመሩ ላይ ይሁን።

ወደ ኩሬዎቹ ልምጣ። አንድ የኬን ሂል ሎክ አንድ ጊዜ ሲሞላ 240 ሺህ ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል። ጀልባው ወጣም ወረደ ይህ ውሃ ከላይ ወደ ታች ይሄዳል፤ ተመልሶ አይወጣም። ጀልባው 29ኙንም ሎኮች ቢያልፍ ከላይኛው ቦይ የሚጎድለው በጥቅሉ አንድ ሎክ ሙሉ ውሃ ነው፤ ያው ውሃ ከደረጃ ወደ ደረጃ እየተላለፈ ይወርዳልና። ችግሩ ያለው በመካከል ነው። ሬኒ ኮረብታውን በቀጥታ ስለወጣ በሁለት ሎኮች መካከል የሚቀረው ቦይ እጅግ አጭር ሆነ። የውሃው ገጽ 400 ካሬ ሜትር ነው ብንል፣ ከእርሱ 240 ሺህ ሊትር ሲቀዳ 60 ሴንቲ ሜትር ይጎድላል። ጥልቀቱ ከአንድ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ቦይ ይህን ያህል ከጎደለ ጀልባው ጭቃ ላይ ይቀመጣል። በተቃራኒው ከላይ ያለው ሎክ ውሃውን ሲለቅበት በ60 ሴንቲ ሜትር ሞልቶ ይፈስሳል፤ የፈሰሰውም በከንቱ ይጠፋል። ቦዩን ማስረዘም አይቻልም፤ ቁልቁለቱ አይፈቅድም። ሬኒ ያደረገው ወደ ጎን ማስፋት ነው። 15 ኩሬዎች ቆፍሮ ከየሎኮቹ መካከል ካለው ቦይ ጋር አገናኛቸው። የውሃው ገጽ አምስት እጥፍ ቢሰፋ ያው 60 ሴንቲ ሜትር ወደ 12 ይወርዳል፤ ጀልባውም አይሰማውም። ዛሬ ዳክዬና ደንገል የሞላባቸው ኩሬዎች እነሆ ይህን ያህል ሥራ ይሠራሉ። ያለ እነርሱ 16ቱ ሎኮች አንድም ቀን በቅጡ አይሠሩም ነበር።

አማራጭ ነበር፤ ሎኮቹን ጭራሽ አጣብቆ የአንዱን የላይኛ በር የሚቀጥለው የታችኛ በር ማድረግ። በሰሜን እንግሊዝ ቢንግሊ ላይ በ1774 የተከፈቱት አምስቱ ሎኮች እንዲህ ናቸው፤ 18 ሜትር ያህል ያነሣሉ። ነገር ግን አሠራሩ ስሕተት አይምርም። ሽቅብ ለመውጣት የታችኛው ባዶ፣ የቀሩት አራቱ ሙሉ መሆን አለባቸው፤ ቁልቁል ለመውረድ የላይኛው ሙሉ፣ የቀሩት ባዶ። ቅደም ተከተሉን የሳተ ሰው ወይ ውሃ ያጥለቀልቃል ወይ ጀልባውን ያለ ውሃ ያስቀራል። የሬኒ ምርጫ ብዙ መሬትና ቁፋሮ ቢጠይቅም ብዙ ጀልባ ከሁለቱም አቅጣጫ ለሚመላለስበት መስመር የተሻለ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ለዚህ ሁሉ የሚሆነው ውሃ ከየት ይመጣል? ቦዩ ከፍተኛውን ቦታ የሚያልፈው ከዲቫይዝስ በስተምሥራቅ ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚበቃ ወንዝ የለም። በክሮፍተን ከቦዩ ዝቅ ያለ ምንጭ ስለነበረ ውሃውን 12 ሜትር ያህል የሚያነሣ የእንፋሎት ሞተር ተተከለ። በቦልተን እና ዋት ኩባንያ ተሠርቶ በ1812 ሥራ የጀመረው ሞተር ዛሬም እዚያው ቆሞ ያንኑ ሥራ መሥራት ይችላል፤ በአንድ ምት አንድ ቶን ያህል ውሃ ያነሣል። በአዘቦት ቀን ሥራው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። በ2009 የበጋ ወቅት ግን የኤሌክትሪኩ ፓምፕ ሲበላሽ አሮጌው ሞተር ለጥቂት ቀናት ተተክቶ ቦዩን መግቧል። ባዝ አቅራቢያ ክላቨርተን ላይ ደግሞ የኤቨን ወንዝ ራሱ በሚያዞረው መንኮራኩር የሚሠራ ፓምፕ በ1813 ተተክሏል፤ ነዳጅ የሚባል ነገር አይጠይቅም። በዲቫይዝስ አናት ላይ ያለው ቦይ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ያለ አንድ ሎክ ይዘረጋል። ኬን ሂል የሚጠጣው ከዚህ ረጅም ክፍል ነው፤ በበጋ ጀልባ ሲበዛም ያጎድለዋል። ስለዚህ በ1996 ከታች ፎክስሃንገርስ ላይ ውሃውን ወደ አናት የሚመልስ ፓምፕ ተሠራ። በቀን 32 ሚሊዮን ሊትር ያህል መመለስ ይችላል፤ በየ11 ደቂቃው አንድ ሎክ ሙሉ ማለት ነው።

ቦዩ ደምቆ የቆየው ለጥቂት ዘመን ነው። በ1829 ሎኮቹ በሌሊትም እንዲሠሩ በጋዝ መብራት ደምቀው ነበር። በ1841 የታላቁ ምዕራብ የባቡር ሐዲድ ከለንደን ብሪስቶል ደረሰ፤ በጀልባ ቀናት የሚፈጀው መንገድ በሰዓታት ተቆረጠ። በ1852 ባቡር ኩባንያው ቦዩን ገዛው። ተፎካካሪውን የገዛ ነጋዴ ደግሞ ለጥገና ገንዘብ አያፈስም። በ1950ዎቹ ኬን ሂል ላይ በሮቹ በስብሰው፣ ኩሬዎቹ ደርቀው ቁጥቋጦ በቅሎባቸው ነበር። ቦዩ እንዳይዘጋ በ1956 ከ20 ሺህ በላይ ሰዎች የፈረሙበት አቤቱታ ለንግሥቲቱ ቀረበ። በ1962 የተቋቋመው የኬኔት እና ኤቨን ቦይ ትረስት ገንዘብ እያሰባሰበ፣ በጎ ፈቃደኞች ጭቃ እየዛቁ፣ ሎክ በሎክ ተጠገነ። ነሐሴ 8 ቀን 1990 ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት ኬን ሂል ላይ ተገኝተው ቦዩን መረቁ። ያለ ደመወዝ ቅዳሜና እሑዳቸውን ጭቃ ውስጥ ላሳለፉት ሰዎች ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ ነው፤ እነርሱ ባይኖሩ ዛሬ እርስዎ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አይኖርም ነበር። ሥራው ዛሬም አላበቃም። ከኦክ እንጨት የሚሠራ በር ዕድሜው 25 ዓመት ያህል ብቻ ስለሆነ በ1990 የተገጠሙት በሮች መለወጫቸው ደርሶ አልፏል። ጥገናውን ከ2012 ጀምሮ የያዘው የቦዮችና የወንዞች ትረስት ነው።

ተመልሰው የሚሄዱ ከሆነ ጠዋት ይድረሱ። ሌሊት ሎኮቹ ስለሚቆለፉ ጀልባዎች ረፋዱ ላይ በቡድን መውጣት ይጀምራሉ፤ ሁሉንም ማለፍ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል። ሁለት ጀልባዎች ጎን ለጎን አንድ ሎክ ሲጋሩ ያያሉ፤ የማይተዋወቁ ሰዎች ተጠባብቀው አብረው የሚገቡት አንድ ሎክ ሙሉ ውሃ ለማትረፍ ነው። ከፊት የሚመጣ ጀልባ ካለና ሎኩ ለእርሱ የተዘጋጀ ከሆነም ውሃውን ከማፍሰስ ይልቅ ቆመው ያሳልፉታል። ልጆቹ በሩን መግፋት ከፈለጉ ባለ ጀልባዎቹን ይጠይቁ፤ አብዛኞቹ ደስ እያላቸው ያግዟቸዋል። ክንዱ ከሚዞርበት ቅስት ውጭ ይቁሙ፤ የብረት እጀታው ግን ለአዋቂ ይተው፣ ካመለጠ እጅ ይሰብራል። ክሮፍተን በእንፋሎት የሚሠራው በተወሰኑ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ስለሆነ ቀኑን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ከሬዲንግ ወደ ዲቫይዝስ በሚወስደው አቅጣጫ ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል።